ሐረጎ ላይ የሚፈላ አሮጌ ካዋሳኪ፦ ሞተር ከማስከፈቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ሞተር ብስክሌት አለችኝ፤ በፈረንጆቹ የ1990ዎቹ ሥሪት፣ በውሃ የምትቀዘቅዝ። ኮምቦልቻ ውስጥና ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ስጀምር፣ በተለይ ከጭነት መኪና ኋላ ከተጎተትኩ፣ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ይጠጋል። ደሴ ገብቼ ሳጠፋት ትርፍ ውሃ መያዣው ሲንተከተክ ይሰማኛል። አንዳንዴ መሬት ላይም ያፈሳል። ጠዋት ራዲያተሩን ስከፍት ውሃው ጎድሏል፤ መያዣው ግን ሙሉ ነው። የምሞላው የቧንቧ ውሃ ነው። ውጭ የሚንጠባጠብ ነገር አላየሁም። ሰፈር ያለ መካኒክ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ይከፈት» አለኝ፤ በሲሊንደሩና በላዩ ባለው የሞተሩ ራስ (ቴስታታ) መሐል ያለውን ማሸጊያ ማለቱ ነው። ምን ትላላችሁ?

ቃሉ ሰው
ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥተህ ጣለው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

አባ መፍቻ
አብሽር ልጄ፣ ገና ሞተር አይከፈትም። ጠዋት መያዣው ሙሉ፣ ራዲያተሩ ጎደሎ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ክዳኑን ነው።

የራዲያተር ክዳን ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ግፊቱን አፍኖ ይይዛል፤ ከልክ ሲያልፍ ብቻ ወደ መያዣው ይለቃል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ትከፈትና ያንኑ ውሃ መልሶ ይስባል። የክዳኑ ሞላ (ስፕሪንጉ) ሲደክም ቶሎ ይለቃል። ጎማው ሲደርቅ ወይ ትንሿ ቫልቭ ስትጣበቅ መሳቡን ይተዋል። ያንተ ሞተር ሁለቱንም ምልክት እያሳየች ነው።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እንደ ጅቡቲ 100ን አይጠብቅም። ደህና ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚይዝ የመፍያውን መጠን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ከላላ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም ውሃው ይፈላል። ስንቱ ቴስታታ በከንቱ ተፈቷል መሰለህ!

አዲስ ስትገዛ አሮጌው ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ይዘህ ሂድ። አፉ ገጠመ ብለህ የመኪና ክዳን እንዳትጭንባት። ከራዲያተሩ አንገት ወደ መያዣው የምትሄደውን ቀጭን ቱቦም እያት። ከተሰነጠቀች በውሃ ፋንታ አየር ትስባለች። ደግሞ አደራ፣ ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትነካ። ፊት ያቃጥላል።

የጦሳ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ አባ። ግን ጓርኒሲዮኑ አለመሆኑን በምን ልወቅ?

አባ መፍቻ
ጠዋት ሞተሩ በረዶ እያለ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሙላና ክዳኑን ሳትገጥም አስነሣት። መጀመሪያ ትንሽ አረፋ ቢወጣ ያለ ነው፣ የታሰረ አየር ነው። አረፋው ሳያቋርጥ ከመጣ፣ ነዳጅ ስትሰጣትም ከበዛ፣ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ያኔ መካኒክህ ልክ ነው።

የሞተር ዘይቱንም እይ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ያም ቢሆን ወዲያው ቴስታታ አትበል። የውሃ ፓምፑ ውስጥ ሁለት ማኅተም (ፈሳሽ እንዳያልፍ የሚያፍን ቀለበት) አለ፤ አንዱ ውሃውን፣ ሌላው ዘይቱን ይይዛል። በመሐላቸው ወደ ውጭ የምታፈስ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከዚያች ቀዳዳ ውሃ ከመጣ የውሃው ማኅተም አልቋል። ቀዳዳዋ በጭቃ ከተደፈነች ግን ውሃው መውጫ ያጣና ወደ ዘይቱ ይዞራል። አንዳንዱ ደግሞ ሲያንጠባጥብ አይቶ በማስቲሽ ይደፍናታል። ይሄ ጉድ ነው!

እህት ከወልድያ
ወንድሜ፣ ራዲያተሩን ከፊት ለፊት አይተኸዋል? የእኔዋ ክረምት ላይ በደረቀ ጭቃ ተደፍና ነበር። ከኋላ ወደ ፊት፣ ዝግ ባለ ውሃ እጠበው እንጂ በመኪና ማጠቢያ ግፊት አይሆንም፤ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። ቬንትሌተሩስ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ይዞራል? ከጭነት መኪና ኋላ ቀስ ብለህ ስትወጣ ንፋስ የለም፣ ያለህ ተስፋ እሱ ብቻ ነው።

ስለ ቴርሞስታቱ ደግሞ፣ ቃሉ ሰው አትቀየመኝ፣ እኔ አላወጣውም። የደሴ ጠዋት ብርድ ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ያጠቁራል። ከጠረጠርከው በሽቦ አንጠልጥለህ ውሃ ውስጥ አፍላው፣ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ። አብዛኞቹ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይከፈታሉ። ደሴም ቢሆን ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ይቀየር።

ቃሉ ሰው
አልቀየምም እህቴ፣ ግን ቆላ ለሚነዳ ልዩነቱ አይታይም። ባቲ ድረስ ያለ ቴርሞስታት የሚመላለሱ አሉ።

የጦሳ ልጅ
እንዳላችሁኝ አደረግሁ። አረፋ የለም። ዘይቱም ንጹሕ ነው። የክዳኑ ጎማ ግን ዙሪያውን ተሰንጥቋል! ቁጥሩ የሚመሳሰል ክዳን ቀየርኩ። አሁን የመያዣው ውሃ ጠዋት ጠዋት ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ማፍሰሱም ቆሟል። ሐረጎ ላይ ቀስቱ አሁንም ከፍ ይላል እንጂ እንደ በፊቱ አይደለም። ከራዲያተሩ የወጣው ውሃ ግን ዝገት የመሰለ ነው። ቬንትሌተሩም ሲዞር ሰምቼው አላውቅም።

አባ መፍቻ
ደግ። ዝገቱ የቧንቧ ውሃ ሥራ ነው። ጥርት ያለ እስኪወጣ ደጋግመህ እጠባት። ከዚያ ኩላንት (ዝገትንና በረዶን የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ) እና የባትሪ ውሃ ግማሽ በግማሽ አድርገህ ሙላ። የባትሪ ውሃ ስልህ የተጣራውን ነው፣ አሲዱን እንዳይሰጡህ። «ደሴ በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምኔ?» የሚል ብዙ ነው፤ ዝገትን የሚከለክለውም፣ የመፍያውን መጠን ከፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሞልተህ ስታበቃ ክዳኑ ክፍት እንዳለ አስነሥተህ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጣት) ተዋትና ቀኝና ግራ አዘንብላት፤ የታሰረ አየር ይወጣል። ሲጎድል ጨምርና ዝጋ።

እህት ከወልድያ
ለቬንትሌተሩ፦ ቁልፉን ክፈትና ራዲያተሩ ላይ ካለችው የሙቀት ስዊች ገመዱን ንቀል። አንድ ገመድ ከሆነ ከሻንሲው (ከብረት አካሏ) ጋር አነካካው፤ ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ አገናኛቸው። ከዞረ የሞተው ስዊቹ ነው። ካልዞረ ፊውዙን እይ። እሱም ደህና ከሆነ ቬንትሌተሩን በቀጥታ ከባትሪ ስጠው። ያኔም ዝም ካለ ራሱ ተበላሽቷል። እጅህን ግን ከክንፉ አርቅ፣ ድንገት ነው የሚነሣው።