ጊት ላይ የነል ፖይንተር ፓች ሪቪው እያደረግኩ ነው፣ ይለፍ ልበል?

አዲስ ገቢዋ
ሰላም ቤተሰብ። የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋን ለመለማመድ ብዬ የጊትን (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ፕሮግራም) ፓቾች፣ ማለትም የቀረቡ የኮድ ማስተካከያዎችን፣ ሪቪው ማድረግ ጀምሬያለሁ። አሁን የያዝኩት ላይ አንድ ፈንክሽን «ሉክአፕ ኮሚት ሬፈረንስ»ን ይጠራል፤ የተመለሰለትን ሳያጣራ በቀጥታ ይጠቀመዋል። ነል (የትም የማያመለክት ባዶ ፖይንተር) ከመጣ ሴግፎልት ነው፤ ፕሮግራሙ ክራሽ አድርጎ ይቆማል። ፓቹ አንድ ነገር ብቻ ይጨምራል፦ ነል ከሆነ 0 መልስ። ክራሹ ቆሟል፣ ቴስቶቹም አልፈዋል። ግን የሆነ ነገር ከነከነኝ።

ሲ ወዳድ
መከንከኑ ልክ ነው እህቴ። መጀመሪያ ነሉ ከየት መጣ? የተፈለገው ኦብጀክት (ጊት የሚያስቀምጠው መረጃ) ሪፖው፣ ማለትም የኮዱ ማከማቻ፣ ውስጥ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ነል ይመጣል። ኦብጀክቱ ኖሮ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ካልሆነም እንደዚያው። ታግ (ለኦብጀክት የሚለጠፍ ስም) ከሰጠሽው ፈንክሽኑ ፈልቅቆ ውስጡን ያያል፤ ታግ ግን የግድ ኮሚት ላይ አያርፍም። የጊት የራሱ ሪፖ ውስጥ ሜንቴይነሩ (ፕሮጀክቱን የሚመራው) ጁኒዮ ሃማኖ የጂፒጂ (የዲጂታል ፊርማ) ቁልፉን ያስቀመጠበት ታግ አለ፤ የሚያርፈው ብሎብ (የፋይል ይዘት) ላይ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሪፖ ላይም ያጋጥማል።

ወደ 0 ስንመጣ፣ ጊት ውስጥ እንዲህ ያለ ፈንክሽን 0 ሲመልስ አብዛኛውን ጊዜ «ተሳክቷል» ማለት ነው፤ ለስህተት -1 ነው። ሪፖው ተበላሽቶ ሁሉ ሰላም ከተባለ ከሴግፎልቱ ይብሳል። ሴግፎልት ቢያንስ ይጮሃል።

ተርሚናል ነዋሪ
ጠሪዎቹንም፣ ማለትም ይህንን ፈንክሽን የሚጠሩትን የኮድ ቦታዎች፣ እዪ። ዋጋው ከተጠቃሚው የሚመጣ ከሆነ ግልጽ መልእክት ጽፎ በ«ዳይ» (ፕሮግራሙን በስህተት በሚያቆመው ፈንክሽን) ይውጣ። በፍጹም ሊሆን የማይገባው ከሆነ ደግሞ «በግ» (BUG) የሚለው ማክሮ አለ፤ የራሱ የፕሮግራሙ ስህተት መሆኑን ይናገራል።

የፓቹ ጸሐፊ ቴስት ጨምሯል? ካልጨመረ ጠይቂው። ትዕዛዙ በአግባቡ መውደቁን የሚያጣራውን «ቴስት መስት ፌይል»ን ይጠቀም። ውጤቱን በሼሉ (በትዕዛዝ መስመሩ ቋንቋ) የቃለ አጋኖ ምልክት ብቻ ከገለበጠው ሴግፎልቱ ራሱ «እንደተጠበቀው ወደቀ» ተብሎ ያልፋል። ይቺ ብዙ ሰው ሸውዳለች።

አዲስ ገቢዋ
ጠሪዎቹን በጊት ግሬፕ (ኮዱ ውስጥ ቃል በሚፈልገው ትዕዛዝ) አየሁ። አንዱ ዋጋውን ከትዕዛዝ መስመሩ ነው የሚቀበለው። ብሎብ ላይ ታግ ሠርቼ ሞከርኩት። ያለ ፓቹ ኤግዚት ኮዱ (ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚመልሰው ቁጥር) 139 ነው። ከፓቹ ጋር «ብሎብ ነው እንጂ ኮሚት አይደለም» የሚል ስህተት ይጽፋል፣ ኤግዚት ኮዱ ግን 0!

ሲ ወዳድ
139 ማለት 128 ሲደመር 11 ነው፤ 11 የሴግፎልት ሲግናል ቁጥር ነው። በቃ ያስኬድሻቸውን ትዕዛዞችና ሁለቱን ውጤቶች እንዳሉ ለፓቹ ጸሐፊ ለጥፊለት። «ስክሪፕት ይህንን 0 አይቶ ቢቀጥል ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂው።

ቅንፍ ቆጣሪ
ትንሽ ነገር፦ የጊት የኮድ አጻጻፍ መመሪያ ከነል ጋር በእኩል ይሆናል ምልክት ማወዳደርን አይወድም፤ ቃለ አጋኖ ብቻ ይበቃል። ግን መጨረሻ ላይ ጥቀሺው፣ አለዚያ እሱን ብቻ አስተካክሎ ይልክልሻል።