ከኦንላይን ለምንገዛው ዕቃ የጋራ መመሪያ፦ ረቂቁ ላይ ያላችሁን አስተያየት ጻፉ

ጸሐፊ (ቤት 308)
እሁድ የተባባልነውን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ሐሙስ ለኮሚቴው ስለሚገባ እስከዚያ ያላችሁን ጻፉ። የነዋሪዎች ማህበራችን ለሮቶው ብሎ ከቴሌግራም ሻጭ ያስመጣው የውሃ ፓምፕ የተባለው ሳይሆን መቅረቱን ሁላችሁም ስለምታውቁት በዝርዝር አልደግመውም።
1. ለፓምፑ የተከፈለው 38,000 ብር እንዲመለስ ማህበሩ በስሙ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ይላል፣ ለፖሊስም ያመለክታል።
2. ከእንግዲህ በማህበሩ ገንዘብ ለግለሰብ ሒሳብ ቀብድ ተልኮ ምንም ዕቃ አይገዛም።
3. ነዋሪው የገዛባቸው ሻጮች፣ የታመኑትም ያልታመኑትም፣ በአንድ ዝርዝር ይያዛሉ።
4. በዴሊቨሪ የሚመጣ ዕቃ ያመጣው ልጅ ሳይሄድ ዘበኛ ቤቱ ጋ ተከፍቶ ይታያል።
ለ3ኛው ፈቃደኛ ሰው እፈልጋለሁ።

ቤት 402
ከ1ኛው ውጪ ያለው ሁሉ በኋላ ይደርሳል። ፓምፑን የሸጠልን ሰውዬ እኮ አልጠፋም! የቻናሉን ስም ቀይሮ እየሸጠ ነው። ትናንት ማታ ገብቼ አየሁት። ያው ፎቶ፣ ያው ሰማያዊ ካርቶን፣ «ኦሪጅናል የጣሊያን፣ ከነዋስትናው»። ኮሜንቱን ዘግቶታል። 20 ሺህ ተከታይ አለው ብለን ነው ያመንነው፣ ተከታይ እኮ በገንዘብ ይገዛል። እኔን ብሎክ ስላደረገኝ በባለቤቴ ስልክ ጻፍኩለት። ወዲያው «ሰላም እህት፣ ቀብድ 50 ፐርሰንት» ብሎ የሒሳብ ቁጥር ላከ። ያውም በሌላ ስም፣ በሌላ ባንክ።

ገንዘብ ያዥ (ቤት 211)
በውስጥ መስመር ስድብ የምትልኩልኝ ሰዎች እዚህ ጻፉት። ክፈል ተብዬ ነው የከፈልኩት። ቃለ ጉባኤው አለ፣ አምስት ሰው ፈርሞበታል። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት እየመጣ ሮቶው ሳይሞላ ሲቀር «ቶሎ ግዙ፣ ምን ትጠብቃላችሁ» ስትሉ የነበራችሁ ሰዎች ዛሬ ገንዘብ ያዡ በላ ትላላችሁ። የባንክ ደረሰኙን ከነኤፍቲ ቁጥሩ ነገ ሰሌዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። ማንም ይየው።

ቤት 116
ፓምፑን ፈትቼ ያየሁት እኔ ስለሆንኩ ልናገር። 1.5 የፈረስ ጉልበት የሚለው ስቲከር ነው። ጠርዙን በጥፍሬ ስነካው ተነሳ። ከስሩ የፋብሪካው ታርጋ አለ፣ 0.5 ይላል፣ የድርጅቱ ስም በሞረድ ተፍቋል። ኮይሉን፣ የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ማለቴ ነው፣ በቢላ ጫፍ ፋቅ ሳደርገው ቀዩ ቀለም ለቆ ነጭ ወጣ። መዳብ አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው። በዚህ ሞተር ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ መሙላት ያስቸግራል፣ ግሎም ሊቃጠል ይችላል። ፎቶም ቪዲዮም አለኝ።

ቤት 315
ጊዜው እንዳያመልጠን። በአዋጅ 813/2006 መሰረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ፓምፑ ከመጣ ሳምንት አልፎታል። የሽያጭ ደረሰኝ አለመቀበላችን ይጎዳናል፣ ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም። የባንኩ ደረሰኝ አለ፣ የቴሌግራም ንግግሩ አለ፣ የ116 ፎቶ አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁም፣ 1205/2012 ማለቴ ነው፣ አንድ መልዕክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አይነፈገውም ይላል። ስለዚህ ከሰውዬው ጋር የተጻጻፋችሁትን ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱ። ቴሌግራም ላይ እሱ ሲያጠፋው ከእናንተም ስልክ ሊጠፋ ይችላል። ባንክ ሄዶ መልሱልኝ ማለት ደግሞ ብዙም አያዋጣም፣ ያለተቀባዩ ፈቃድ ወይም ያለፍርድ ቤት ትዕዛዝ አይመልሱም። ፖሊስ ጋ ቶሎ እንሂድ የምለው ለዚህ ነው።

ቤት 503
ዝርዝሩን ለኔ ተዉት። ኤክሴል ላይ አድርጌ ዛሬ ማታ እልካለሁ።

ቤት 207
4ኛው ይውጣ። እኔ የገዛሁትን ዕቃ ዘበኛ ቤት በር ላይ ቆሜ አልከፍትም። የውስጥ ልብስ የሚያዝ አለ፣ መድኃኒት የሚያስመጣ አለ። ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ምን እንደገዛሁ ሊያይ ነው?

ጸሐፊ (ቤት 308)
በግድ አይደለም እኮ። ዕቃው የተባለው መሆኑን ለማየት ነው።

ቤት 207
«ተከፍቶ ይታያል» ነው የሚለው ጽሑፉ። እንዴት ነው በግድ ያልሆነው?

ቤት 402
ኧረ እህቴ፣ 38 ሺህ ብር ውሃ በልቶት አንቺ ስለ ውስጥ ልብስ ታወሪያለሽ? የሚደበቅ ነገር ያለው ሰው መርካቶ ሄዶ ይግዛ።

ቤት 207
እህቴ አትበለኝ። የሚደበቅ የለኝም፣ የግሌ ግን አለኝ። ማህበሩ የሚያስተዳድረው ደረጃውን፣ ግቢውንና ሮቶውን እንጂ የኔን ፌስታል አይደለም። ወርሃዊ መዋጮዬን አንድም ወር አላሳለፍኩም፣ አንተስ?

ቤት 402
የኔን መዋጮ እዚህ ምን አመጣው?

የማርታ እናት (ቤት 104)
ልጆች ረጋ በሉ። በር ላይ መክፈት ግድ ነው፣ እኔ ደርሶብኛል። ለማርታ ጫማ አዝዤላት ሁለቱም የግራ እግር ሆኖ መጣ። ልጁ ሞተሩን እንኳን ሳያጠፋ ነው ያቀበለኝ፣ ካርቶኑን እስክከፍት ሄዷል። ሻጩ ጋ ስደውል «ዴሊቨሪው የኛ አይደለም» ይላል። ዴሊቨሪው ጋ ስደውል «እማማ፣ እኔ የማመጣው የሰጡኝን ነው» ይላል። ልጅቷ ለፈተና ማለፊያዋ ብዬ ነበር። የቀኙን እግር እስከዛሬ አላየነውም።

ቤት 207
አዝናለሁ እትዬ። ግን ቤትዎ በር ላይ ይክፈቱት፣ ለምን ዘበኛ ቤት?

የማርታ እናት (ቤት 104)
ደረጃ አይወጡማ! ሞተራችን ይሰረቃል ነው የሚሉት። የናንተ ፎቅ ድረስ ማን ይወጣል።

ቤት 219
ዘበኛ ቤቱ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ክረምት ላይ ያፈሳል። እዚያ ዕቃ ይቀመጥ ከተባለ መደርደሪያ ያስፈልገዋል። ባለፈው የኔ መጋረጃ መሬት ላይ ተቀምጦ ረጥቦ ነው ያገኘሁት።

ቤት 116
መደርደሪያ ሳይሆን ሳጥን ነው የሚሻለው። ላሜራ፣ ቁልፍ ያለው። 207 ያለችውም በዚያ ይፈታል፣ ሳጥኑ ጀርባ ሆኖ መክፈት ይቻላል። ብየዳውን እኔ እችላለሁ፣ ላሜራውን ማህበሩ ይግዛ።

ቤት 207
ሳጥን ከሆነ እሺ። ቁልፉ ግን ማን ጋ ይሆናል?

ቤት 402
በእናታችሁ! ሰውዬው ገንዘባችንን ይዞ ተኝቷል፣ እኛ የቁልፍ ጣጣ ውስጥ ገባን። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ወረዳ እሄዳለሁ። 116፣ ፓምፑን ይዘህ በሩ ጋ ጠብቀኝ።

ቤት 116
እሺ።

ቤት 501 (ከሪያድ)
ቤቱን ባከራየውም መዋጮዬን እልካለሁ፣ ስለዚህ ድምፅ አለኝ። እዚህ ኑንና አማዞን ከሚባሉት የኦንላይን መደብሮች የገዛሁትን ያልሆነ ዕቃ መልሼ ገንዘቤ ካርዴ ላይ ተመልሶልኛል። እዚህ ያለው ሻጭ ከኛ አገሩ የተሻለ ጨዋ ሆኖ አይደለም። ገንዘቡ ወዲያው እጁ አይገባም፣ መሃል ላይ ያለው ድርጅት ይይዘዋል። እኛ ቴሌግራም ላይ ስንገዛ መሃል ላይ ማንም የለም፣ ብሩ በቀጥታ ሰውዬው ኪስ ይገባል። ሲደርስ መክፈል ካልተቻለ ቢያንስ በቴሌብር የነጋዴ ኮድ ለሚቀበል ሻጭ እንክፈል። ኮድ ለማውጣት ንግድ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ቢያንስ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሳጥኑ ሰፋ ይበል፣ ተከራዬ ብዙ ታዛለች።

ቤት 410
እስካሁን ዝም ያልኩት ጸብ ላለማብዛት ነው። እኔ በቴሌግራም ነው የምሸጠው፣ አብዛኞቻችሁም ከኔ ገዝታችኋል። የነጋዴ ኮድ የለኝም፣ በግል ቁጥሬ ነው የምቀበለው። ከዛሬ ጀምሮ ሌባ ነኝ ማለት ነው?
ቀብድ የምጠይቀው ወድጄ አይደለም። ሰው ከቱርክ ቀሚስ ያዛል፣ እኔ በገንዘቤ አስመጣለሁ፣ ሦስት አራት ሳምንት ቆይቶ ሲደርስ ስልኩን ይዘጋል። የውሸት ስክሪንሾት ልኮ ዕቃ የሚወስድም አለ። ስሙን፣ ቀኑን፣ ብሩን አስተካክሎ ነው የሚሰራው። እኔ አሁን የባንኩ መልዕክት ስልኬ ላይ ካልገባ ዕቃ አልለቅም፣ እሱንም «አላመንሽኝም» ብለው የሚቀየሙ አሉ። ያልታመኑ ዝርዝር የምትሉት ላይ ስሜ ከገባ ግን ዝም አልልም። ለመሆኑ ማን ነው የሚያጸድቀው? አንድ ሰው ቀለሙ አልሰመረልኝም ብሎ ቢያስገባኝ ማን ያስወጣኛል?

ቤት 402
አንቺን ማን አነሳሽ?

ቤት 410
«በግለሰብ ሒሳብ» ስትሉ እኮ እኔን ማለታችሁ ነው።

ገንዘብ ያዥ (ቤት 211)
2ኛው የማህበሩን ገንዘብ ብቻ ነው የሚመለከተው። የግላችሁን ለፈለጋችሁት ላኩ።

ቤት 410
እንደዚያ ከሆነ ጥሩ። 3ኛው ግን እኔ ባለሁበት አያልፍም።

ጸሐፊ (ቤት 308)
503፣ ዝርዝሩስ? ማታ ብለህ ነበር።

ጸሐፊ (ቤት 308)
503? ኦንላይን እንደሆንክ ይታየኛል።

ሰብሳቢ (ቤት 105)
ልጆቼ፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። በዝርዝር ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቀያየም 3ኛው ለጊዜው ይቆይ። የሳጥኑ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ 116 ስንት ላሜራ እንደሚበቃ ያስላ። የዘበኛውንም ሐሳብ ጠይቄያለሁ። ሰው በሌለበት ጊዜ ዕቃ እየተቀበለ፣ አንዳንዴም ከኪሱ ለዴሊቨሪ እየከፈለ መሆኑን ነግሮኛል። ጭማሪ ካልተደረገለት ከእንግዲህ አልቀበልም ብሏል። በወር ከየቤቱ 50 ብር ብናደርግለት?

ቤት 219
50 ብር ይበዛል። ምንም የማያዝ ሰውስ ለምን ይከፍላል?

የማርታ እናት (ቤት 104)
ምን ይበዛል አንተ ደግሞ። ሰውዬው በዝናብ ነው የሚቆመው። እኔ እከፍላለሁ።

ቤት 116
402፣ ዛሬ ጠዋት ያን የሚያህል ብረት ተሸክሜ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ። ስልክህ ጥሪ አይቀበልም ይላል። ከስራዬ ቀርቼ ነው!

ቤት 402
ድንገት ስራ ገጠመኝ፣ ይቅርታ። ቆይቼ ወረዳው ጋ ደውዬ ነበር፣ የማህበሩ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ሳይያዝ አይሆንም አሉ።

ቤት 315
ደብዳቤው ማክሰኞ ነው ያለቀው፣ ለጸሐፊው ልኬዋለሁ። ሁለት ገጽ ነው፣ ማስረጃውም ተያይዟል። የቀረው ፊርማና ማህተም ብቻ ነው።

ጸሐፊ (ቤት 308)
ማህተሙ የቀድሞው ሰብሳቢ ጋ ነው። ርክክቡ ያኔ በተፈጠረው ነገር አልተጠናቀቀም፣ ታውቁታላችሁ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል።

ገንዘብ ያዥ (ቤት 211)
የድሮውን ሒሳብ ኦዲት እናስደርግ ስላልን ነው። አሁን ማህተሙን እንደ መያዣ ቆጥረውታል።

ቤት 402
207፣ የዚያን ዕለት ንግግሬ ልክ አልነበረም። ተናድጄ ነው።

ቤት 207
ችግር የለም። ሳጥኑ ባለሁለት ቁልፍ ይሁን፣ አንዱ ዘበኛው ጋ አንዱ ኮሚቴው ጋ። ግን አንድ ነገር አስቡበት። የዴሊቨሪ ሞተሮች ግቢ ውስጥ ድረስ ገብተው ልጆች የሚጫወቱበት ላይ ነው የሚዞሩት። ሳጥኑ በር ላይ ከተደረገ ከበሩ እንዳያልፉ ይጻፍልን።

ቤት 219
ይሄ ትክክል ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄን ሊገጭብኝ ለትንሽ ነው የተረፈው።

ቤት 501 (ከሪያድ)
ተከራዬም ይህንኑ ነው የምትለው። እስማማለሁ።

ጸሐፊ (ቤት 308)
የተሻሻለው ረቂቅ ይኸው፣ ነገ ለኮሚቴው ይገባል።
1. በበሩ ግራ በኩል ባለሁለት ቁልፍ የላሜራ ሳጥን ይሰራል።
2. ለዘበኛው በወር ከየቤቱ 50 ብር ይጨመርለታል። ዕቃ ሲቀበል በመዝገብ ይጽፋል።
3. የዴሊቨሪ ሞተር ከበሩ አያልፍም። ማቆሚያው የት እንደሚሆን ይወሰናል።
4. በማህበሩ ገንዘብ ዕቃ ሲገዛ ክፍያው ዕቃው ከታየ በኋላ ይሆናል።
የፓምፑ ጉዳይ ማህተሙ ሲገኝ ለብቻው ይታያል።

ቤት 315
ለብቻው የሚታየው መቼ ነው? 15 ቀኑ ቅዳሜ ያበቃል። ማህተም ባይኖርም ገንዘብ ያዡ ራሱ፣ በስሙ የላከው እሱ ስለሆነ፣ ነገውኑ ፖሊስ ጋ ቀርቦ ቃሉን ሊሰጥ ይችላል። ለሻጩም ዕቃውን አልተቀበልነውም የሚል መልዕክት ዛሬ ይላክለት። ቢያንስ ቀኑ ይመዝገብልን።

ገንዘብ ያዥ (ቤት 211)
በኔ ስም? ነገ ነገሩ ቢገለበጥ ፍርድ ቤት የምመላለሰው እኔ ነኝ። ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ካልወከለኝ አልሄድም። አንዴ አምኜ ገብቼበታለሁ፣ ይበቃኛል።

ሰብሳቢ (ቤት 105)
ልክ ነው፣ ውክልና ያስፈልገዋል። እሁድ ስብሰባ ላይ እናነሳዋለን።

ቤት 315
እሁድ ከቅዳሜ በኋላ ነው ጋሼ።

ቤት 116
ላሜራውን አስልቼዋለሁ። ባለ 1.2 ሚሊ ሁለት ሉህ ይበቃል፣ ማጠፊያና ቀለም ሲጨመር ዋጋውን ነገ ጠይቄ እነግራችኋለሁ። ፓምፑን ግን ከቤቴ አንሱልኝ፣ መተላለፊያ ዘግቷል።

ቤት 219
የሞተሮቹ ማቆሚያ ከመብራት ቆጣሪዎቹ ጎን ይሁን። ሌላ ቦታ የለም።

ቤት 207
ቆጣሪዎቹ ጋ አይሆንም። መስኮቴ ስር ነው፣ ጭሱ ሙሉ በሙሉ እኔ ቤት ነው የሚገባው።