ለእህቴ የዱቄት ወተት ልግዛላት ወይስ የጡት ማለቢያ?

የቦርከናዋ፦ ሰላም የወሎ ልጆች። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ የአምስት ወር ልጅ አለችኝ። ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። የ90 ቀን የወሊድ ፈቃዷ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል። ልጁን ደሴ እናታችን ዘንድ ልታስቀምጥ ነው፤ እሷ እሑድ እሑድ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ልታየው። የዱቄት ወተት መግዣ በየወሩ ላኪልኝ ብላለች። እኔም እዚህ ሥራ ቦታ የማልበው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው፤ በሩን በእግሬ ደግፌ። ብሩን ልላክ ወይስ በእጅ የሚሠራ ማለቢያ?

የሸዋ በር ልጅ፦ መጀመሪያ ያንቺን እንጨርስ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከወለድሽ እስከ አንድ ዓመት ድረስ በፈለግሽ ጊዜ የማለቢያ ፋታ ይሰጥሻል። ቦታውም ከሰው ዓይን የተከለለ፣ ማንም ዘው የማይልበት መሆን አለበት፤ መጸዳጃ ቤት ፈጽሞ አይሆንም። ፋታው ላይከፈልበት ይችላል። ከ50 ሠራተኛ በታች ያለው አሠሪ ከባድ ችግር እንደሚገጥመው ካስረዳ ነጻ ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቅጂውን ያዢ።

የቦርከናዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የእህቴስ?

የሸዋ በር ልጅ፦ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ብትሆን መሥሪያ ቤቷ የሕፃናት ማቆያ ማዘጋጀት ነበረበት። ፋብሪካ ግን የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው።

እናት ዓለም፦ አብሽሪ ልጄ። እኔ ደሴ አስተማሪ ሳለሁ ጡቴ አግቶ ቀሚሴን ሲያርሰው፣ ተማሪ እንዳያይ ነጠላዬን ደርቤ ነበር የማስተምረው። ሞግዚቷ በእረፍት ሰዓት አዝላ ታመጣልኝና በር ላይ ቆሜ አጠባለሁ። የዚያ ጠዋት ጉም አሁንም ይናፍቀኛል። ምክሬ ይህ ነው፦ ሕፃኑ ለምን ዳገት ይወጣል? እናታችሁ ትውረድ! ማታና ሌሊት ይጠባል፤ ለቀኑ የታለበው ወተት ውጭ ቢበዛ ለአራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ ለአራት ቀን ይቆያል። የላም ወተት ግን ዓመት ሳይሞላው እንዳታስጀምሩት።

ጦሳ፦ ለእናትየው የቤት ኪራይ ማን ይክፈል? መቼም እኛው ነን። እኔ በየወሩ እልካለሁ፤ «እንዴት አደርክ» ብሎ የሚደውልልኝ የለም። ስልኩ የሚጮኸው ብር ሲያልቅ ብቻ ነው።

እናት ዓለም፦ አንተ ደውለህ ታውቃለህ?

ጦሳ፦ ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው መቼ ይደውላል?

እናት ዓለም፦ እሷም እኮ ፈረቃ ነው የምትሠራው፤ ያውም አራስ ሆና።

ጦሳ፦ የሦስት ወር ልጅ ይዛ አራስ ትባላለች እንዴ?

እናት ዓለም፦ አንተ ወልደህ ታውቅ ይሆናል!

የቦርከናዋ፦ እባካችሁ አትጣሉብኝ። ማለቢያውን አዝዣለሁ። ለእናቴም ደወልኩ፤ «ላሚቱን ለማን ትቼ ልውረድ?» አለችኝ።