መንሳፈፍና መስጠምን ለ7ኛ ክፍል ለማስተማር የትኛው የመማር ንድፈ ሐሳብ ይሻላል?

ዕጩ መምህርት፦
ሰላም መምህራን። ባሕር ዳር በተግባር ልምምድ ላይ ነኝ። በመጪው ሳምንት ለ7ኛ ክፍል እፍግታን፣ ማለትም የአንድ ነገር መጠነ ቁስ ለይዘቱ (ለሚይዘው ቦታ) ሲካፈል የሚገኘውን፣ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ 60፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ዕቅዱ ተማሪ ተኮር እንዲሆን ይፈለጋል። በቡድን ሳሠራቸው ግን አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ገለጻ ስሰጥ ደግሞ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይላሉ፣ ለየብቻ ስጠይቃቸው ዝም ነው። ከመማር ንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት ስኪነርን፣ ፒያዤን፣ ቪጎትስኪንና ባንዱራን በየተራ ተምረናል። ክፍል ስገባ የማንን ልከተል?

ጠመኔ፦
እኅቴ፣ አንዱን መርጠሽ ሌላውን አትጣይ፤ እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ጥያቄ ሌላ ነው። መጀመሪያ ተማሪው ምን ይዞ እንደመጣ እይ። እፍግታ ላይ ይዞት የሚመጣው «ከባድ ይሰጥማል፣ ቀላል ይንሳፈፋል» የሚል ጽኑ እምነት ነው። ይህን የሚያናጋው የፒያዤ መንገድ ነው፦ የሚያውቀው ካየው ጋር ሲጋጭበት።

ትንሽ ጠጠርና ከሱ በብዙ የሚከብድ ደረቅ የዋንዛ ቁራጭ አዘጋጂ። እርጥብ ባሕር ዛፍ አትውሰጂ፤ ሊሰጥምና ትምህርቱን ሊያበላሽብሽ ይችላል። ያመጣሽውን ሁሉ ከክፍል በፊት ውኃ ውስጥ ሞክሪው። ዕቃው ውኃ ሳይነካ እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱንና ምክንያቱን በ3 ደቂቃ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ሳይጽፉ ውይይት ከከፈትሽ የጎበዙ ግምት የሁሉም ይሆናል። ሕጉን ቀድመሽ ከነገርሽ ደግሞ መገመቱ ትርጉም ያጣል።

ግጭቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጆች «እንጨት ስለሆነ ነው» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ እንቁላል ጨምሪ፦ ትኩስ እንቁላል ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ጨው በማንኪያ እየጨመርሽ ስታሟሚ ያው እንቁላል ይነሣል። እንቁላሉ አልተለወጠም፣ ፈሳሹ ነው የተለወጠው። ከዚያ በሐሳብ ወደ ጣና ውሰጃቸው፦ ደንገል ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ መሳይ ስለሆነ ታንኳው ይንሳፈፋል፤ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ግን ዝቅ ይላል፤ ባለታንኳዎች ወደ ዳር አውጥተው የሚያደርቁት ለዚህ ነው። «ውኃ ሲጠጣ የጨመረው መጠነ ቁሱ ነው ወይስ ይዘቱ?» ብለሽ ጠይቂ። እፍግታ ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

ሰባታሚት፦
በሙከራው እስማማለሁ። ቀመሩን ግን በግኝት አታስተምሪ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ስዌለር በ1988 እንዳሳየው ጀማሪን ያለመሪ ችግር ፍታ ማለት የአጭር ጊዜ ትውስታውን ያጨናንቀዋል። ሚለር በ1956 የዚህን ትውስታ አቅም 7 ገደማ ነገር ብሎት ነበር፤ ካዋን በ2001 ወደ 4 ዝቅ አድርጎታል። በእፍግታ ስሌት መጠነ ቁስ፣ ይዘት፣ አሃድ፣ ቀመርና ማካፈል አንድ ላይ ሲመጡ ቦታው ሞላ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ምሳሌ ሙሉ በሙሉ ሠርተሽ አሳዪ፦ 60 ግራም እንጨት፣ ይዘቱ 120 ሚሊ ሊትር፣ እፍግታው 0.5፤ ከውኃው 1 ስለሚያንስ ይንሳፈፋል። በሁለተኛው የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ተዪላቸው፣ በሦስተኛው ሁለት ደረጃ፣ አራተኛውን ለብቻቸው። ሰሌዳ ላይ ስትሠሪ የምታስቢውን ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ ባንዱራ የሚጠቅምሽ እዚህ ነው፣ ሠሪውን አይቶ መማር።

ብዙዎች የሚስቱት ቦታ፦ 135 ግራም ድንጋይ ስታስገቢ ውኃው ከ200 ወደ 250 ሚሊ ሊትር ይነሣል። ይዘቱ 50 ነው፣ እፍግታው 2.7። መቀነስ የረሳ ተማሪ በ250 ያካፍልና 0.54 ያገኛል፣ ማለትም ድንጋዩ ይንሳፈፋል! ይህን ስሕተት ሆን ብለሽ ሰሌዳ ላይ ጻፊው። ድንጋዩ ሲሰጥም ያየ ክፍል ራሱ ያርመዋል። ስሌቱን የለመዱትን ግን በተሠራ ምሳሌ አታዘግዪ፣ እነሱን ጥያቄ ብቻ ስጫቸው።

ጊዮን ዳር፦
ስለ ቡድኑ ልጨምር። 4 በ4 አድርገሽ 15 ቡድን መሥርቺ፣ ለእያንዳንዱ ልጅም ከ1 እስከ 4 ቁጥር ስጪው። አንዱ የመጠነ ቁሱን ወረቀት፣ ሌላው የይዘቱን፣ ሦስተኛው የፈሳሹን ይያዝ፤ አራተኛው መዝግቦ ያስላ። ማንም ብቻውን መጨረስ አይችልም። የትኛው ቁጥር ተነሥቶ እንደሚያስረዳ እስከ መጨረሻው አትንገሪያቸው። አንድ ለአምስት ሲባል ዘወትር ያው ጎበዝ መሪ የሚሆንበት ልማድ ቪጎትስኪን አይወክልም። የእሱ ሐሳብ ልጁ ዛሬ በእርዳታ የሚሠራውን ነገ ብቻውን እንዲሠራ ነው፤ እርዳታው ካልተነሣ ጥገኝነት ይሆናል።

በአንድ ድምፅ የሚመጣውን «አዎ» ደግሞ በስኪነር እይው፦ «ጎበዞች፣ አጨብጭቡ» ስትይ የሸለምሽው ድምፁን እንጂ ማሰቡን አይደለም። በጣት ይመልሱ፣ 1 ይንሳፈፋል፣ 2 ይሰጥማል፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጎረቤት እንዳያይ። ግማሽ ያህሉ ከሳተ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተከራክረው ደግመው ይመልሱ። ሁሉም ማለት ይቻላል ከሳቱ ውይይት አይረዳም፣ አንቺ ደግመሽ አስረጂ።

ዕጩ መምህርት፦
አመሰግናለሁ። እንደገባቸው በማግሥቱ እንዴት ላረጋግጥ?

ጠመኔ፦
ደብተር ተዘግቶ በ5 ደቂቃ 3 ጥያቄ፦ ሁለቱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እንዳሳዩት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲለካ ደጋግሞ ያነበበ ይበልጣል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሱን የፈተነ ይበልጣል። አንደኛው ጥያቄ ያላዩት ዕቃ ይሁን፣ ለምሳሌ «ሎሚ ተልጦና ሳይላጥ»። መልሱን እዚያው ንገሪያቸው። ውጤቱን ግን ተከታታይ ምዘና ውስጥ አታስገቢ፤ ነጥብ ካለው ይኮራረጃሉ፣ ማን እንዳልገባውም አታውቂም።