የዌልስ ገጣሚዎች ስለ ተፈጥሮ ሲጽፉ ለምን ፖስተር አይሆንባቸውም?

የጅማው አንባቢ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ነኝ። ወር በገባ ቁጥር ከጓደኞቼ ጋር አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ግጥም እናነባለን። የሚቀጥለው ርዕሳችን ቦዬ ነው። ለማታውቁት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ረግረግ ነው። ጉማሬና ውሃ ወፍ የሚታይበት ቦታ ነው። አሁን ግን ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ እየወረሰው ነው፤ ጭቃው ደግሞ እየተቆፈረ ሸክላ ጡብ ይሠራበታል።

ችግሬ ምን መሰላችሁ? ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ፖስተር ይሆንብኛል። «ምድራችንን እንጠብቅ፣ ዛፍ እንትከል» ዓይነት። አንዱ ወዳጄ ሰምቶኝ «ይሄን ለቀበሌ ስብሰባ አስቀምጠው» አለኝ።

ሰሞኑን የዌልስ (ከእንግሊዝ ጎን ያለች፣ የራሷ ቋንቋ ያላት የብሪታንያ አገር) ገጣሚዎችን በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ነው። ጊሊያን ክላርክ፣ ሮበርት ሚንሂኒክ፣ ከቀደሙት አር ኤስ ቶማስ። የሚጽፉት ስለ ውሃ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ወፍ ነው። ግን ስብከት ስብከት አይሸትም። እንዴት ነው የሚያመልጡት? የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

ካርዲፍ የከረመው

ወንድሜ፣ በአንድ ሐይቅ ልመልስልህ።

ሰሜን ዌልስ ውስጥ ካፔል ኬሊን የሚባል መንደር ነበር። ጸሎት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤት ነበረው። ሰዉ ዌልሽኛ ተናጋሪ ነው። የእንግሊዟ የሊቨርፑል ከተማ ውሃ ፈለገች። በፈረንጆች 1957 ለንደን ያለው ፓርላማ ሸለቆው እንዲገደብ የሚፈቅደውን ሕግ አጸደቀ፤ ከዌልስ ተወካዮች አንድ እንኳ የደገፈ አልነበረም። በ1965 ሸለቆው በውሃ ተሞላ። ከመቃብሩ የተወሰነ አፅም ወጥቶ ሌላ ቦታ አረፈ፣ በቀረው ላይ ኮንክሪት ተደፋበት። ሊቨርፑል ይቅርታ የጠየቀችው በ2005 ነው። 40 ዓመት!

አር ኤስ ቶማስ ቄስ ነበር፣ ወፍ ሲከታተል የሚውል ሰው። ስለነዚህ ግድቦች አንድ አጭር ግጥም አለው። እዚያ ድርሽ አልልም ይላል። እንግሊዞቹን አይምርም። ግን ቋንቋችን የሚገፋበትን መቃብር የቆፈርነው እኛው ነን ብሎ ይጨምራል። «እኛ» ሲል ራሱም አለበት። ግጥም ስብከት የሚሆነው ገጣሚው ከደጅ ቆሞ ጣቱን ሲቀስር ነው።

ክላርክም እንደዚያው ናት። ከ2008 እስከ 2016 የዌልስ ብሔራዊ ገጣሚ ነበረች፣ ግን ኑሮዋ ገጠር ነው፣ በግ ታረባለች። በ2009 እና በ2010 የመጣው ከባድ የበረዶ ወቅት አንድ ሙሉ የግጥም መድበል አስጻፋት። በረዶው ደጇ ላይ ስለነበር «የአየር ንብረት ለውጥ» እያለች ማብራራት አላስፈለጋትም። ሚንሂኒክ ደግሞ የለየለት ተሟጋች ነው፤ እዚያ አገር የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ካቋቋሙት አንዱ ነው። እኔን የሚገርመኝ፣ ሙግቱን ሁሉ ለስብሰባና ለሰልፍ ሰጥቶ ግጥሙን ነፃ መልቀቁ ነው። አንተም መፈክሩ ካልለቀቀህ ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፍና ገላገለው። ከዚያ ግጥሙን ጀምር።

የጡብ ሠሪ ልጅ

ሁላችሁም ደህና ናችሁ? አባቴ ቦዬ ጭቃ ረግጦ ነው ያሳደገኝ። በበጋ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ጭቃው በእግር ይረገጣል፣ በእንጨት ቅርጽ ይመታል፣ በሣር ተሸፍኖ ይደርቃል፣ ከዚያ ተደርድሮ ይተኮሳል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል። እኛ ልጆች እዚያ እንዋኝ ነበር፣ ወባም የያዘችን እዚያው ነው። አንድም ግጥም ውስጥ ይሄን ሰምቼ አላውቅም። ሁሌ «ስግብግብ እጆች» ይባላል። እነዚያ እጆች ስም አላቸው።

ደግሞ ካነሳችሁ አይቀር፣ ስለ ግድብ ለማውራት ዌልስ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? ግልገል ጊቤ አንድ ከእኛው ደጅ ነው። 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ በፈረንጆች 2004 ነው ሥራ የጀመረው። ውሃው የያዘው መሬት የገበሬ መሬት ነበር። ቡና ቤታችሁ ውስጥ ግጥም የምታነቡበት አምፖል በምን የሚበራ መሰላችሁ?

ጡረተኛዋ መምህርት

ልጆቼ፣ ጥሩ ይዛችኋል። እኔ የምጨምረው ስለ ቅርጹ ነው። አባቴ የቅኔ ሰው ነበሩ፣ ለዚህ ይሆናል ዌልሾቹ ቀልቤን የሳቡት።

እነሱ ኪንግሃኔዝ የሚሉት ሕግ አላቸው። በአንዱ ዓይነቱ፣ በስንኙ የመጀመሪያ ግማሽ ያሉት ተነባቢ ድምፆች በሁለተኛው ግማሽ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለሳሉ። ቤት መምታት ብቻ አይበቃም። በየዓመቱ ነሐሴ አካባቢ አይስቴድቮድ በሚሉት በዓል ላይ በዚህ ሕግ ጽፎ ያሸነፈ ወንበር ይሸለማል፤ እውነተኛ፣ የሚቀመጡበት ወንበር! ግጥሙ የሚላከው በብዕር ስም ነው። አሸናፊው ማን እንደሆነ የሚታወቀው መለከት ተነፍቶ ከሕዝቡ መሃል ብድግ ሲል ነው።

ለምን አነሳሁት? ሕግ ሲከብድ መፈክር አይገባም። «ምድራችንን እንጠብቅ» የሚለውን ሐረግ እዚያ ውስጥ ለማስገባት ሞክሩ፣ እንቢ ይላችኋል። የኛም ሰምና ወርቅ እንደዚያው ነው። ሰሙ ጡብ ይሁን፣ ወርቁን ሰሚው ይፈልገው።

ሌላም አለ። ዌልስ ውስጥ ገሚሱ በዌልሽኛ፣ ገሚሱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ሁለቱም የዌልስ ሥነ ጽሑፍ ነው። ጅማ ቁጭ ብላችሁ በአማርኛ ብቻ ስለ ቦዬ ማንበብ አይከብድም? ገረርሳ (የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ) የሚያውቅ፣ መንዙማ የሚያወርድ ሰው ጥሩ።

የጅማው አንባቢ

እትዬ፣ መንዙማው እንዴት እስከ ዛሬ እንዳልታሰበን! አንድ ሰው አለ፣ ነገ አናግረዋለሁ። ሌሊቱን ይችን ሞከርኩ፦

ከቦዬ ሆድ ወጥቶ በሳት በበሰለ
የሳሎኔ ጡብ ውስጥ ጉማሬ እንዳለ፣
ሌሊት ይሰማኛል ውሃውን ሲለምን፤
እኔው ነኝ የገዛሁ፣ ታዲያ ልውቀስ ማንን?

ካርዲፍ የከረመው

ይሄማ ቀበሌ አይገባም። ሦስተኛዋ ስንኝ ትንሽ ታለቅሳለች እንጂ ጉማሬው ይቆይ።

የጡብ ሠሪ ልጅ

ጉማሬው ተመችቶኛል። «በሳት» ግን በምን እሳት? ጡቡን የሚተኩሰው ባሕር ዛፉ ነው። ረግረጉን የሚመጠው ዛፍ ተቆርጦ የረግረጉን ጭቃ ያበስላል። ያ ካልገባ ግማሹን ነው የጻፍከው። አባቴን ይዤ ልመጣ እችላለሁ፣ ግን ማታ አይሆንለትም። ቅዳሜ ከሰዓት ማድረግ ትችላላችሁ?