በመልቲባንድ ዲፊውዥን ላይ የታካሚ እንቅስቃሴን ማረም

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። የጭንቅላት ዲፊውዥን (የውሃን እንቅስቃሴ የሚያሳይ የኤምአርአይ ምስል) በ60 ስላይስ (የምስል ቁራጭ)፣ በመልቲባንድ 2 (ሁለት ስላይስ በአንዴ)፣ በግራፓ 2 (መረጃውን በግማሽ አንስቶ ማፋጠን)፣ በቢ 1000 (የዲፊውዥን ጥንካሬ ልክ)፣ በ64 አቅጣጫ እናነሳለን። ታካሚው ሲያስል ወይም ራሱን ሲነቀንቅ፣ ከጎን የታየው ምስል እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ አንዳንድ ስላይስም ይጠቁራል። ቮልዩሞቹን (በየአቅጣጫው የተነሱትን ሙሉ የጭንቅላት ምስሎች) ከቢ-ዜሮው (ያለ ዲፊውዥን ከተነሳው ምስል) ጋር ብናስተካክልም አልጠፋም። ምን ይደረግ?

ቴንሶር፦
የሁለቱ ምክንያት ይለያያል። መጋዙ የሚመጣው ስላይሶቹ እየተዘለሉ ስለሚነሱ ነው፤ ጭንቅላቱ በመሃል ከዞረ ጎረቤታሞቹ የተለያየ ቦታ ላይ ይነሳሉ። ሙሉ ቮልዩሙን ማንቀሳቀስ ይህን አያርመውም። የጠቆረው ግን የዲፊውዥን ግራዲየንቱ (የውሃን እንቅስቃሴ ለመለካት የሚበራው የማግኔት መስክ) በርቶ ሳለ ጭንቅላቱ ስለተንቀሳቀሰ ሲግናሉ ራሱ ጠፍቷል። በእናንተ አሠራር ስላይስ 7 ሲጠቁር 37ም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይጠቁራል፤ አብረው ነው የተነሱት።

መፍትሔው ኤፍኤስኤል በተባለው የአንጎል ምስል ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ኤዲ የተባለ የእንቅስቃሴ ማረሚያ ነው። ዲሲኤምቱኒክስ (የስካነሩን ፋይል የሚቀይር ፕሮግራም) ከሚያወጣው የጄሶን ፋይል የስላይሶቹን ሰዓት ወስዳችሁ፣ አብረው የተነሱትን ጥንዶች በየመስመሩ ጽፋችሁ የኤስኤልስፔክ ፋይል አዘጋጁ። ቁጥሩ ከ0 ይጀምራል፤ 30 መስመር ይወጣችኋል። ኤምፒኦርደርን (በአንድ ቮልዩም ውስጥ የተፈጠረውን እንቅስቃሴ የሚያርመውን የኤዲ አማራጭ) የ30ን ሩብ፣ 8 ያህል፣ አድርጉት፤ ከግማሹ አትለፉ። ሪፖል የተባለውን የኤዲ አማራጭ አብሩ፦ የጠቆረውን ስላይስ ከሌሎቹ አቅጣጫዎች በተገመተ ይተካዋል። ወደ ቴንሶር ስሌት (የነርቭ መስመሮችን አቅጣጫ ወደሚያወጣው ስሌት) የሚገባው ደግሞ ኤዲ ከእንቅስቃሴው ጋር ያዞረው የቢ-ቬክተር ፋይል (የአቅጣጫዎቹ ዝርዝር) ነው። የድሮው ከገባ የነርቭ መስመሮቹ አቅጣጫ ይዛነፋል፤ ምስሉ ደህና ስለሚመስል ማንም አያስተውለውም።

ኮይል፦
ኤዲ የማያድነውም አለ። የግራፓና የመልቲባንድ ማጣቀሻዎች የሚወሰዱት መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ ከተንቀሳቀሰ ተደራራቢ ጥላ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። የመጀመሪያዎቹን ቮልዩሞች ኮንሶሉ ላይ እዩ፤ ጥላ ካለ አቁማችሁ ከመነሻው ድገሙ።

ከዘጌ በጀልባ ወይም ከደብረ ታቦር በሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ማሽኑ ውስጥ ያንቀላፋል፤ ሲባንን ጭንቅላቱ ይዘላል። አስቀድሞ ይረፍ፣ ሽንት ቤት ይሂድ። በጆሮውና በኮይሉ (ጭንቅላቱን በሚከበው ሲግናል ተቀባይ) መካከል ያለውን ክፍተት በስፖንጅ ሙሉ። አቅጣጫዎቹን ስታስገቡ የመጀመሪያዎቹ 30 ብቻቸውን ሁሉንም ወገን እኩል የሚሸፍኑ ይሁኑ፤ ቢያቋርጥም የተነሳው ይጠቅማል። ለቶፕአፕ (የምስል መጣመምን ለሚያርመው የኤፍኤስኤል ፕሮግራም) በተቃራኒ የፌዝ አቅጣጫ የሚነሳው ቢ-ዜሮ ከዲፊውዥኑ ጋር ተያይዞ ይነሳ።

ጣና_ዳር፦
እግዜር ይስጥልን። ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) ግን የለንም።

ቴንሶር፦
እንግዲያው ኤምፒኦርደር ይቅር፤ ያለ ኤንቪዲያ ጂፒዩ አይሠራም። በሲፒዩ (በኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር) ኤዲን ከሪፖል ጋር ብቻ አስኪዱ። መጋዙ አሁንም የሚታይባቸውን ቮልዩሞች ከምስሉም፣ ከቢ-ቫሉም (የየቮልዩሙ ቢ ልክ ከተጻፈበት ፋይል)፣ ከቢ-ቬክተሩም ሰርዙ፤ አንዱ ከተረሳ ተራው ይፋለሳል። መብራት ከጠፋ ኤዲ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ኮምፒውተሩን ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከሚይዝ ባትሪ) ጋር አያይዙት።