የደንገል ምንጣፍ ሲደርቅ እየሳሳ ስላስቸገረን የባለሙያ ምክር እንሻለን

ጎንደር ከተማ ውስጥ ከጎረቤቶቼ ጋር ሆኜ ከደንገል የወለል ምንጣፍና ዘንቢል እሠራለሁ። ደንገሉ የሚመጣልን ከጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎርጎራ አካባቢ ሲሆን፣ ታንኳ የሚሠራበትም ይኸው ተክል ነው። ሦስት ማዕዘን ያለው ግንዱ ውስጡ ነጭና ልል ስለሆነ ሲደርቅ እጅግ ይቀላል፤ ታንኳ ሠሪዎች የሚወዱለት ይህ ጠባዩ ግን እኛን አስቸግሮናል። በፀሐይ አስጥተን፣ ደርቋል ባልነው ጊዜ በቃጫ ገመድ አጥብቀን ብናያይዘውም፣ ምንጣፉ ቤት ውስጥ ጥቂት ከሰነበተ በኋላ ዘንጎቹ ይበልጥ ይቀጥኑና በመካከላቸው ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ይፈጠራል። በጥላ ስናደርቀው ደግሞ፣ በተለይ በክረምት፣ ይሻግትና ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል።

ጠርዙ ሲታጠፍ እንዳይሰነጠቅ ከመሥራታችን በፊት በውኃ እናረጥበዋለን፤ ነገር ግን የረጠበው ዘንግ ያብጥና ተመልሶ ሲደርቅ ክፍተቱን ያባብሰዋል። የሰሌን ሠሪዎችን ጠይቀን ነበር፤ ሆኖም ሰሌን ቅጠል፣ ደንገል ግን ግንድ በመሆኑ ምክራቸው ብዙም አልሠራልንም።

ስለዚህ ሙያውን የምታውቁ እናቶችና አባቶች፣ ግንዱን ሙሉውን ማድረቅ ይሻላል ወይስ ሰንጥቆ ልጡን ብቻ መጠቀም? ጠርዙን ብቻ ማርጠብስ ይበቃ ይሆን? ደንገሉ በየትኛው ወር ቢታጨድ ነው የሚጠነክረው? በ2004 ዓ.ም. በጣና መታየቱ የታወቀው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ከተስፋፋ ወዲህ ደንገል እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ በሙከራ የምናባክነው የለንም። ምላሻችሁን በአክብሮት እንጠብቃለን።